ዲጋ የዋለች ማመልከቻ

መቼም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በክረምት ሥራ ሲፈልግ የሚያገኘው የሰው ማመልከቻ መተየብ ነው። እኔም ባለፈው ክረምት ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዲጋ፣ አጎቴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ወንበር ተሰጠኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ፍላሽ በመሐረብ ቋጥረው ገቡ። ጡረታቸው ከተቋረጠ አራተኛ ወሩ ነው። የልጅ ልጃቸው አዲስ አበባ አስተይቦ የላከላቸው ማመልከቻ ታትሞ በማግሥቱ ከቀትር በፊት መግባት አለበት። ፋይሉን ብከፍተው ምን ልይ! የፈረንጅ ፊደል፣ የመቶኛ ምልክት፣ ባርኔጣ የደፉ ሆሄያት። ዓይኑ ቁቤ የለመደው አጎቴ ጮክ ብሎ ሊያነበው ሞከረና፣ «ኦሮምኛ ነው፤ ጸሐፊው ግን ጠጥቷል» ሲል ፈረደ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ አንድ መምህር ደግሞ የለም ፈረንሳይኛ ነው አለ። የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

«ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው በፈረንጅ አፍ የጻፈልኝ?»

ነገሩ ወዲህ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለፊደላችን የራሱን ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ፣ የአማርኛ መጻፊያ ከሠሩት ብዙዎቹ «ሀ»ንና ወንድሞቿን በላቲን ሆሄያት ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው፤ ያውም አንዱ ከሌላው ሳይመካከር። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ወንበሩን እንጂ የተቀመጠበትን አያይም። ያን አሮጌ ፎንት ዛሬም የሙጥኝ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች አሉ።

ነቀምት ጓደኛዬ ዘንድ በሚኒባስ ሄጄ ፎንቱን ይዤ ስመለስ መሽቷል። ሽማግሌው ከወንበራቸው አልተነሡም። ፋይሉን ስከፍተው ፊደሎቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ቆሙ! የቀረው በባዶ የተተወው የስማቸው ቦታ ነበር። ከመታወቂያቸው ቁቤ ላይ ሆሄ በሆሄ ገለበጥኩት። ስማቸው የሚጀምረው በ«ዸ» ነው፤ ቁቤ «ዲ»ን እና «ኤች»ን አጣምሮ የሚጽፋት ድምፅ። ማሽኑ ግን ባልና ሚስቱን ለያይቶ «ድሃ» ብሎ ቁጭ። እኔ ደክሞኝ አላየሁም።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ እነሱ ጡረታዬን አቋረጡ፤ አንተ ደግሞ ድሃ ብለህ ጻፍከኝ?»

አጎቴ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስምህ ከፋይሉ አይገጥምም ተብሎ የተመለሰ ባለጉዳይ በዚያው ሳምንት በዓይኔ አይቻለሁ።

አስተካክዬ አተምኩ፤ ፈረሙ። ያበላሸሁትንም ወረቀት አጥፈው፣ «የልጅ ልጄ ይየው» እያሉ ከፍላሹ ጋር በመሐረባቸው ቋጠሩት። የጡረታቸውን ነገር ሳልሰማ ትምህርት ተከፈተ።