የሚያስጀምር ፍርሃት፣ የሚያጸና ሥርዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ክብደቴን መቀነስ እፈልጋለሁ፤ የሚያስነሣኝን ኃይል ግን አጣሁ» የሚል ቃል በወጣቶቻችን መካከል ደጋግሞ ይሰማል። ቀጠሮውም የታወቀ ነው። በነሐሴ «ዘመን ሲለወጥ»፣ በመስከረም «መስቀል ይለፍ»፣ በጥር «ዐቢይ ጾም ሲገባ» እንላለን። ጾሙ ሲገባ ደግሞ «ከፋሲካ በኋላ» ይሆናል። በዚህ መሐል ዓመቱ ዞሮ ይገጥማል። ወዳጆቻችን ሲያገኙን «ተመችቶሃል መሰለኝ» እያሉ ያመሰግኑናል፤ እኛም ምስጋናውን ተቀብለን እናልፋለን። ስለዚህ ጉዳይ በራሴ ሕይወት ያየሁትን፣ ለአንዳንዶቻችሁ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ፣ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ምክንያቱ ከየት መጣ?

እናቴ የስኳር ሕመም ካገኛት 16 ዓመት ሆኗታል። ሕመሙ ቀስ በቀስ የዓይኗን ብርሃን ስለ ጎዳው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእጇ ያልተለየውን ውዳሴ ማርያም ዛሬ ራሷ ማንበብ አትችልም። ማታ ማታ እኔ አነብላታለሁ፤ እርሷም በቃሏ የያዘችውን አብራኝ ትደግማለች።

ለክትትል ወደ ሕክምና በወሰድኋት አንድ ቀን ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተስ ተመርምረህ ታውቃለህ?» ስትል ጠየቀችኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቴ 98 ኪሎ ነበር። በማግስቱ በባዶ ሆድ የተለካው የደሜ ስኳር 118 ሆኖ ተገኘ። ከ100 በታች ያለው ጤናማ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ይባላል። እኔ በሁለቱ መካከል፣ በሕመሙ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሐኪሟ ግን ተስፋም ሰጠችኝ። በአሜሪካ ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት፣ በዚሁ ደጃፍ ላይ ያሉ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲተጉ፣ ወደ ሕመሙ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደ ቀነሰ ማሳየቱን ነገረችኝ። 7 በመቶ ለእኔ 7 ኪሎ ያህል ነው። ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር አልተጠየቅሁም።

በዚያ ሳምንት የተሰማኝ ፍርሃት ብርቱ ነበር፤ በማለዳም አስነሣኝ። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰው ከፍርሃቱ ጋር ይለማመዳልና። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ ፍርሃቱ ሲበርድ ማን ይቀሰቅሰኛል?

ጾም ሲገባ ማን ስሜቱን ይጠይቃል?

መልሱን ያገኘሁት ሁላችንም በምናውቀው ነገር ውስጥ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት «ዛሬ ለመጾም ተነሣሽነት አለኝን?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ምእመን አላየሁም። ዕለቱ በባሕረ ሐሳብ ተቆጥሮ አስቀድሞ ታውቋል። የቤቱ ድስት ተለይቷል፤ ጎረቤቱም ይጾማል፤ የሚቀመስበት ሰዓት ተወስኗል። ስሜታችን አንድ ቀን ይሞቃል፣ ሌላ ቀን ይቀዘቅዛል፤ ጾሙ ግን እንደ ጀመረ ይቀጥላል። ረቡዕና ዓርብን ከልጅነቱ ጀምሮ የጠበቀ ሰው «እኔ ጽናት የለኝም» ቢል ራሱን አያውቅም ማለት ነው። ጽናቱ አለው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ሥርዓት አላበጀለትም።

ስለዚህ ሥርዓት ለማበጀት አሰብሁ። ከቤቴ እስከ ደብራችን በእግር 25 ደቂቃ ያስኬዳል። በሳምንት ሦስት ቀን በማለዳ ለኪዳን ጸሎት በእግር ሄጄ በእግር ብመለስ 150 ደቂቃው ይሞላል። ቀኖቹን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አልኋቸው። በመዘምራን ክፍል አብረውኝ የሚያገለግሉ ሁለት ወንድሞችም መንገዳቸው በእኛ ሰፈር ስለሆነ ከደጄ ይጠብቁኝ ጀመር። ባልንጀራ በብርድ ቆሞ ሲጠብቅ ስንፍና የሚመልሰው ቃል የለውም። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ብዙ ማለዳዎች በብርድ ልብስ ውስጥ ባለፉ ነበር።

በማዕድ ቤትም ጥቂት ነገሮች ተለወጡ። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ከጠርሙስ በዓይን ልክ ወደ ሽሮውና ወደ ምስሩ የሚፈሰው ዘይት፣ ከቅዳሴ መልስ የምንገዛው ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ጾምን ማታ በእጥፍ የምንቆርሰው እንጀራ ሲደመር ጾሙ ሳይሻር ክብደቱ ይጨምራል። በቤታችን ዘይቱ በማንኪያ ይለካ ጀመር። ጎመኑና ሰላጣው በዛ፤ እንጀራው በአንድ ተወሰነ። ከአቦል እስከ በረካ በሦስቱ ስኒ ላይ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው በቀን 100 ካሎሪ ያህል በስኳር ብቻ ይጠጣል፤ እኔም ወደ ግማሽ ማንኪያ ወረድሁ። ከአንድ ወር በኋላ ምላሴ ለመደው።

ሚዛኑ ሲቆም

በጥቅምት የጀመርሁት ነገር እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ 8 ኪሎ ቀነሰልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ 90 ላይ ቆመ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ስፍራ ይመስለኛል። ሰውነት ሲቀል የሚያስፈልገው ምግብም ስለሚያንስ፣ በመጀመሪያ ክብደት ያስቀነሰው መጠን በኋላ ባለበት ብቻ ያቆማል። ይህን ማወቄ ረዳኝ፤ ከዚህ ይልቅ የረዳኝ ግን ሰሙነ ሕማማት ነው። ባለፉት ዓመታት ከስግደት ስነሣ የቤተ ክርስቲያኑን ዓምድ መደገፍ ግድ ይሆንብኝ ነበር፤ ጉልበቴ አይሸከመኝም ነበርና። በዚያ ዓመት በዕለተ ስቅለት ሳልደገፍ ሰግጄ ተነሣሁ። ሚዛኑ የማይናገረውን ጉልበቴ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ የምመዘነው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ትልቁ ፈተና ግን የመጣው ከትንሣኤ በኋላ ነው። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስግደትም የለም፤ ቤቱ ሁሉ የደስታ ቤት ነው። የታጠርሁበት ቅጥር በአንድ ሌሊት የተነሣ መሰለኝ። ምግቤን ብመጥን ደግሞ የደስታውን ወራት በጾም ያቃለልሁ እንዳይሆን ሰጋሁ። የንስሓ አባቴን ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ ጾምና መመጠን ይለያያሉ። ጾሙ ወራት አለው፤ መመጠን ግን ዓመቱን ሁሉ የክርስቲያን ጠባይ ነው። ከዶሮው ቅመስ፣ እግዚአብሔርንም አመስግን፣ ሳትጨነቅ ተነሥ። ደስታ በቁራሽ ብዛት አይለካም።» ከዚያ በኋላ ሃምሳውን ቀን ከማዕዱ ሳልርቅ፣ የማለዳ ጉዞዬንም ሳላቋርጥ በሰላም ፈጸምሁት።

እንዳንሳሳት

እኒህ አባት አንድ ማስጠንቀቂያም ጨምረውልኛል። ጾምን ክብደት መቀነሻ ብቻ ያደረገ ሰው፣ ክብደቱ ሲቀንስ ጾሙን ይተዋል፤ ሳይቀንስ ሲቀርም ያጉረመርማል። እኛ የምንጾመው ለነፍሳችን ነው። ከጾም የተማርነውን ቀን መወሰን፣ ከሌሎች ጋር መጽናትና መጠን ማወቅ ግን ለሥጋችን ጤና ብናውለው የሚነቀፍ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችንን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ አድርጎ እንድናየው አስተምሮናልና፣ ማደሪያውን መጠበቅ ተገቢ ነው።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ረጅም ሰዓት ከመጾማቸው በፊት ሐኪማቸውንና የንስሓ አባታቸውን ያማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ የምትራራ እናት ናት። ደግሞም በሌላው ሰውነት አንሣቅ፤ አንዱ የሚወፍረው በመድኃኒት፣ ሌላው በወሊድ፣ ሌላው በኀዘን ሊሆን ይችላል። በመሳለቅ የተነሣሣ ሰው አላየሁም፤ የተሸሸገ ግን አይቻለሁ።

ከጀመርሁ እነሆ 14 ወር ሆነኝ። ክብደቴ 86 ኪሎ ነው፤ በቅርቡ የተለካው የደሜ ስኳርም 97 ሆነ። ዛሬም በአንዳንድ ማለዳ የመሄድ ፍላጎት የለኝም። እንዲያም ሆኖ እሄዳለሁ፤ ቀኑ ረቡዕ ነውና፣ ወንድሞቼም ከደጅ ቆመዋልና።

እናንተም ልባችሁ እስኪነሣሣ አትጠብቁ። አንድ ቀን ቁረጡ፤ በዚያ ቀን የምታደርጉትን አንድ ትንሽ ነገር ወስኑ፤ ከደጅ ቆሞ የሚጠብቃችሁ አንድ ባልንጀራም ፈልጉ። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ሳምንቱን አትጣሉት፤ በማግስቱ ተመለሱ። በሥጋም በነፍስም ጸንተን እንድናገለግለው እግዚአብሔር አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።