ፍሬን ሐረጎ ላይ አይበላሽም

የመኪና አደጋ በተወራ ቁጥር የማትቀር ነገር አለች፤ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው»። ይህች ከተባለች በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅም። ሹፌሩ ምን ያድርግ፣ መኪና ብረት ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን አልዋጥልኝ ካለ ቆየ። በድንገት የሚፈነዳ ቱቦ፣ በድንገት የሚቀደድ ጎሚኒ የለም አልልም። አብዛኛው ፍሬን ግን የሐረጎ ቁልቁለት ላይ «እምቢ» ከማለቱ በፊት ሳምንታት ሙሉ ሲናገር ከርሟል፤ ሰሚ ነው ያጣው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከጦሳ ተራራ ጀርባ ወደ ገራዶ ስትመጡ ቁልቁለት፣ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትሄዱ የባሰ ቁልቁለት። እኛ የገራዶ ሰዎች ደግሞ አንድ የምንታለልበት ነገር አለ። «ትናንት ወደ ቤት ስወርድ ጥሩ ይዟል፣ ምንም አይል» እንላለን። አጭር ቁልቁለት ፍሬንን አይፈትነውም፤ በደንብ ሳይግል ታች ይደርሳል። ሐረጎ ሌላ ነው። በ20 ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 600 ሜትር ትወርዳላችሁ። ከነተሳፋሪው 2.8 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ንፋስና ጎማ ይበሉታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ሸራና ፓዱ ላይ ያርፋል። በከባድ ማርሽ መያዝ ትቶ እግሩን ፍሬን ላይ ተክሎ የሚወርድ ሹፌር ሁሉንም ፓዱ ላይ ጫነው ማለት ነው።

ያኔ ያቺ የምትሰነፍጥ ሽታ ትመጣለች። ተሳፋሪው አፍንጫውን ሲይዝ ረዳቱ ዞር ብሎ «አብሽሩ፣ የፊተኛው መኪና ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ ከፊት የተጫነ ሲኖትራክ አለ። ብዙ ጊዜ ግን የራሳችን ነው። ሽታ ከመጣ ሜዳ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግና ራሱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ውሃ የሚደፉ አሉ፤ የጋለ ዲስክ ወይም ታምቡር በአንዴ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ከበረደ በኋላም ቢሆን ማርሽ ቀንሶ በሞተር እየያዙ መውረድ እንጂ ወደ ድሮው መመለስ አይደለም።

ከሁሉም የሚናቀው የፍሬን ዘይት ነው። ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ደረጃውን የጠበቀ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዋስትናው ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስትጫኑት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በቅርቡ ደሴ አንድ ጋራዥ ቆሜ መካኒኩ የአንድ ቪትዝ የዘይት ዕቃ ክዳን ከፈተና ነጭ ጨርቅ ነክሮ አሳየኝ። ነጣ ያለ ቢጫ መሆን የነበረበት ነገር አተላው ያልወረደ ቡና ሆኗል። «ጋሼ፣ ይሄ አገር ከገባ ጀምሮ አልተቀየረም» አለኝ። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነበረበት። አንዳንዱማ ሲጎድል የሞተር ዘይት ይጨምርበታል፤ ጎሚኒው ያብጥና የነበረውም ፍሬን ይጠፋል። ደግሞ መጉደሉ ራሱ ወሬ ነው። ወይ ፓዱ አልቋል ወይ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል። ሞልቶ ብቻ መሄድ ያንን ወሬ ማፈን ነው።

ሌላውም የፍሬን ንግግር ከባድ አይደለም። ቀጭን ጩኸት ፓዱ ሊያልቅ ነው ማለት ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ይቀየራል። ጩኸቱ ወደ መፋጨት ከተለወጠ ብረት ብረትን እየበላ ነው፣ አሁን ዲስኩም ወጪ ሆነ። ፍሬን ስትይዙ መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ በአንዱ ጎማ በኩል የተጣበቀ ወይም ዘይት የነካው ነገር አለ። ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለም እንደዚያው። ፔዳሉ ከረገበና ደጋግማችሁ ስትረግጡት ብቻ የሚነሳ ከሆነ ግን ኮምቦልቻ ደርሼ አሳያለሁ አይባልም።

የነዳጅ ዋጋ ከጨመረ ወዲህ የበዛ ሌላ ነገር አለ፤ ዜሮ ማርሽ አድርጎ፣ ሲብስም ሞተር አጥፍቶ መውረድ። የቤት መኪናና ሚኒባስ ፔዳል የሚቀልላችሁ ሰርቮው በአየር ግፊት ስለሚያግዛችሁ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያ እርዳታ ወደብ ላይ ከነበረው ሩብ ያህል ቀድሞውኑ ጎድሏል። ሞተር ከጠፋ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ እንደመርገጥ ነው። ለአንድ ሊትር ነዳጅ ይህን የሚያደርግ ሰው ሰው ጭኖ ባይሠራ ደስ ይለኛል።

ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። መኪናው የሱ አይደለም። ማታ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ጋራዥ የዋለበት ቀን ገቢ የለም። «ፍሬኑ ይጮሃል» ሲል ባለንብረቱ «ቦሎ ሲደርስ አብሮ ይታያል» ይለዋል። ቦሎ በዓመት አንዴ ነው፤ ሐረጎ በቀን ስንት ጊዜ።

አሁን የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ የነሱ ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። እነሱ ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ራሱ ይይዛል፣ ባትሪም ይሞላል፣ ፓዳቸው ዓመታት ይቆያል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ባትሪው ቦታ ካለው። ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ አስሞልታችሁ ወዲያው ሐረጎን ከጀመራችሁ የሚገባበት ስለሌለ ሞተሩ በደንብ አይይዝላችሁም፤ ሥራው ሁሉ ወደዚያው ወደ ፓዱ ይመለሳል። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ 90 ላይ ንቀሉት።