ለልጃችን ሞተር ሳይክል ምን ይጨመርለት?

ቀድሞ ልጅ ለመንግሥት ሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲላክ ወላጆች የሚመክሩት ስለ በቅሎ ነበር። የበቅሎዪቱ እርምጃ፣ የኮርቻው ምቾት፣ የልጓሙ ጥንካሬ አንድ በአንድ ይመረመር ነበር። ዛሬ ግን ልጁ በሞተር ሳይክል የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በብዙ ቤት የማታው ጨዋታ ስለ ፒስተንና ስለ ማርሚታ ሆኗል። በእኛም ቤት ይኸው ነገር ብዙ ሳምንት አከራክሮናልና፣ የተከራከርንበትን ጉዳይ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ብንገልጸው ልጅ ላለው ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብለን አሰብን።

ልጃችን የእንስሳት ሐኪም ነው። መኖሪያው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ሥራው ከጣርማ በር ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ያደርሰዋል። የሚጓዝበትም ካዋሳኪ ኬኤልኤክስ 250 የሚባል፣ ሌላ ሰው ሲነዳው ከኖረ በኋላ የተገዛ ትንሽ ሞተር ሳይክል ነው። ይህ ዓይነቱ ለሁለት ጠባይ የተሠራ ነው፤ በአስፋልት ለመሄድ ሕግ የሚጠይቀው መብራትና ሰሌዳ አለው፤ በድንጋይና በጭቃ ለመሄድ ደግሞ ከፍ ያለ ቁመትና ረጅም ሞላ አለው። የጃፓኑ ኩባንያ ያማሃ ዲቲ-1 የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1968፣ ሆንዳም ኤክስኤል 250ን በ1972 ካወጡ ወዲህ፣ በብዙ አገር የገጠር ሠራተኛ ወዳጅ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ለሁለት ጌታ ያደረ ሎሌ ለአንዱም ሙሉ አይሆንምና፣ በአስፋልቱም በጭቃውም ጥቂት ጥቂት ይጎድለዋል። ባለቤቱ የጎደለውን ልሙላ የሚለው ስለዚህ ነው።

ልጃችን ከደመወዙ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው፤ እኛም የዚያኑ ያህል ልንጨምርለት ቃል ገባን። በእጁ ጽፎ ያመጣው ዝርዝር ሦስት ነገር የያዘ ነበር፤ ሲሊንደሩንና ፒስተኑን በሰፊ መለወጥ፣ ማርሚታውን አውጥቶ ድምፁ የተከፈተውን ማስገባት፣ ካርቡራተሩን በትልቅ መተካት። ባለቤታችን ዝርዝሩን አንብበው፣ «ለመሄጃው ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለመቆሚያውስ ምን አስበሃል ልጄ?» አሉት። እርሱም፣ «እማዬ፣ ለጌጥ አይደለም። የክትባቱን ሣጥን ጭኜ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ሞተሩ ይደክምብኛል፤ ከኋላዬ የጭነት መኪና ጥሩንባ እየነፋ ሲደርስብኝ የማመልጥበት ጉልበት አጣለሁ» ሲል መለሰ። ይህንንም የሚንቅ ያን አቀበት ያላየ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር፣ ማለት ስለ ልጁ ሕይወት እንደ ነበር ልብ ይሏል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት አየሩን ማሰብ ያስፈልጋል። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ ከቤንዚኑ ጋራ አየር ይስባል፤ ጉልበቱም በሳበው አየር ልክ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳር ካለው አየር ከመቶ 24 ያህል ይሳሳል። እንግዲህ በጅቡቲ ወደብ የ250 ሲሲ ጉልበት ያለው ሞተር ደብረ ብርሃን ሲደርስ የሚሠራው የ190 ሲሲ ያህል ነው። አሁን የልጃችንን የመጀመሪያ ዕቅድ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 72 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ መመላለሻ 61.2 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ ወደ 78 ከፍ ሲል ይዘቱ ከ249 ወደ 292 ሲሲ ያድጋል። ካዋሳኪም ራሱ የ2021 ሞዴል ብሎ ባወጣው ኬኤልኤክስ 300 መመላለሻው ያው 61.2፣ ስፋቱ 78 ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡ የጎረምሳ ሕልም አይደለም። ነገር ግን ከመቶ 17 የተጨመረው ከመቶ 24 የጎደለውን አይሞላም። 292ቱም በደብረ ብርሃን የ222 ያህል ሆኖ ይቀራል። ለዚህም ሲባል ደህና የሚሠራ ሞተር ሊፈታ፣ የብዙ ወር ደመወዝ ሊወጣ፣ ሙቀቱና ድካሙ ሊጨምር ነው። ደጋን በገንዘብ ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

በደብረ ብርሃን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር አሳዩት። ካንዴላውን አውጥተው፣ «ይህን እይ» አሉት፤ ጫፉ ጥላሸት ለብሶ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ከአየሩ ይበዛል፤ በደንብ ሳይቃጠል የቀረውም ጥላሸት ይሆናል፤ ሞተሩም እንደ ታፈነ ሰው ይሆናል። መድኃኒቱ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላትን ትንሽ የናስ ቡሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ መለወጥ ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ሞከሩ። በጠባቢቱ ሲነዳ ሰንብቶ ካንዴላው ሲወጣ የቡና ገለባ መልክ ይዞ ተገኘ፤ ይህም ቤንዚኑ በልኩ የመቃጠሉ ምልክት ነው። ልጁም ደስ ብሎት ሊሄድ ሲነሣ መካኒኩ፣ «ወደ ሸዋ ሮቢት ትወርዳለህን?» ብለው ጠየቁት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነች አየሯ ወፍራም ነው። በደጋ ልክ የጠበበችው ቀዳዳ በቆላ ቤንዚን ታሳንሳለች፤ ቤንዚን ያነሰው እሳትም ከልክ በላይ ሞቆ ፒስተን እስከ ማበላሸት ይደርሳል። ስለዚህ መካከለኛይቱን ገጠሙለትና፣ «ጥቂት ጥላሸት ሞተር አይገድልም፤ ቤንዚን ማነስ ግን ይገድላል» አሉት። አዲሶቹ ሞተር ሳይክሎች በካርቡራተር ፈንታ አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን በራሱ የሚመጥን መሣሪያ ስላላቸው ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ ያም ቢሆን የሳሳውን አየር ማወፈር አይችሉም።

ከዚህ ቀጥሎ የጥርሱ ነገር ነው። ሰንሰለቱ በሁለት ጥርሳም መዘውሮች ላይ ይዞራል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የፊተኛው 14፣ የኋለኛው 42 ጥርስ አለው። የፊተኛው በባለ 13 ሲለወጥ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው ግፊት ከመቶ 8 ያህል ይጨምራል፤ ወጪውም የአንዲት ትንሽ ብረት ዋጋ ነው። በዚያው ልክ ሞተሩ በሜዳ አስፋልት ላይ ቶሎ ቶሎ እየዞረ ይጮኻል፤ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው አንመክረውም። አቀበት ለሚወጣ ግን ሲሊንደር ከመፈታቱ በፊት ይህ ይሞከር።

ስለ ማርሚታው ብዙ ቃል አናጠፋም። የተከፈተው ማርሚታ ቀለል ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቤንዚኑም አብሮ ካልተስተካከለ የሚጨምረው ጉልበት ከድምፁ እጅግ ያነሰ ነው። ድምፁስ ማንን ያስደስታል? ልጃችን የሚሄደው ለክትባት የተሰበሰበ ከብት ወዳለበት ሜዳ ነው። ገበሬው ከንጋት ጀምሮ ሲያባርር አርፍዶ የሰበሰበው መንጋ፣ ያ ነጎድጓድ ከኮረብታው ጀርባ ሲሰማ ተበትኖ ገደል ለገደል ይሄዳል። በገበያ ቀንም እህል የጫነች አህያ ከመንገድ ስትወጣ፣ ጭነቱም ሲፈስ የሚረገመው ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ሐኪሙ ሳይደርስ በሽተኛው የሚሸሽበት መሣሪያ መቼም ማሻሻያ አይባልም ብንለው፣ ልጁ ሳቀና ያንን መስመር በገዛ እጁ ሰረዘው።

ነገር ግን ሐሳባችንን ሁሉ የለወጠው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ልጃችን ምጥ ለጠናባት ላም በሌሊት ተጠርቶ ሄደ። ላሚቱ የአንዲት መበለት ናት፤ ሌላ ከብት የላትም። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በጭቃ ቁልቁለት በዝግታ ሲወርድ የፊት ጎማው ከዳውና ሞተሩ በግራ ጎኑ ወደቀ። እርሱ አልተጎዳም፤ ራዲያተሩም ለጥቂት ተረፈ፤ የፍሪሲዮኑ እጀታ ግን ድንጋይ ላይ አርፎ ከሥሩ ተሰበረ። የቀረውን መንገድ ሣጥኑን ተሸክሞ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሩ ሄደ። በደረሰ ጊዜ ላሚቱም ጥጃዪቱም ሞተው ነበር። ይህን የነገረን ከብዙ ወራት በኋላ፣ ስለ ሲሊንደሩ ስንከራከር፣ እናቱ «ለመሆኑ ጉልበት አጥተህ የቀረህበት ቀን አለን?» ብለው በጠየቁት ጊዜ ነው። ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ የቀረበት ቀን ያ ብቻ እንደ ሆነ ተናገረ። በዚያች ሌሊት 300 ሲሲ ምን በረዳው? የጎደለው ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ እጀታውን ከድንጋይ የሚከልል የእጅ መከላከያ፣ በከረጢት የተቀመጠ አንድ ትርፍ እጀታ ነበር።

ስለዚህ ዝርዝሩ እንደ ገና ተጻፈ። በራሱ ላይ ጎማ ተቀመጠ። የዚህ ሞተር የፊት ቸርኬ 21፣ የኋላው 18 ኢንች ስለ ሆነ፣ ለጭቃ የሚሆን ጥርሰ ረጅም ጎማ በልኩ ይገኛል። ነገር ግን ጥርሱ በረዘመ ቁጥር በርጥብ አስፋልት ላይ የሚጨብጠው ያንሳል፤ ቶሎም ያልቃል። የጣርማ በር አስፋልት ደግሞ በጉምና በካፊያ ረጥቦ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ከፊት ጥርሰ ረጅሙን፣ ከኋላ መካከለኛውን መረጥን። በጭቃ ጊዜ አየሩን ጥቂት መቀነስ ይረዳል፤ እጅግ ከቀነሰ ግን የውስጡ ላስቲክ በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጦ ይፈነዳል። ጎሚስታ በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለምና፣ ማውጫ ብረቱና ትንሹ መንፊያ ከኮርቻው ሥር ሊለዩ አይገባም።

ሁለተኛው ሞላው ነው። ብዙ ሰው ሞላ ለምቾት ይመስለዋል፤ ጎማን በመሬት ላይ አጥብቆ የሚይዘው ግን እርሱ ነው። በቤት የሚሠራ ቀላል መለኪያም አለው። የኋላ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ሞተሩን ደግፎ ማንሣት፤ ከጎማው መካከለኛ ቡሎን እስከ ጭራው አንድ ምልክት ያለውን ርቀት መለካት፤ ቀጥሎም ነጂው ልብሱንና ጭነቱን ሁሉ ይዞ ሲቀመጥ ያንኑ መለካት። ልዩነቱ ሞላው ሊሄድ ከሚችለው ርቀት ሲሶ ቢሆን፣ ወይም ጥቂት ቢያንስ መልካም ነው። የዚህ ሞተር የኋላ ሞላ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን ይገባው ነበር። እኛ በግቢያችን፣ ልጁ የራስ ቁሩን ደፍቶ የክትባቱን ሣጥን ጭኖ ብንለካው 10 ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት ኋላው ተቀምጦ ፊቱ ቀልሎ ሲሄድ ኖሯል ማለት ነው፤ የፊት ጎማ በጭቃ የሚከዳው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ማጥበቂያውን ስናጠብቀው ወደ 8 ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠንከር ያለ ሞላ እንጂ ማጥበቅ አይሠራውም።

ፍሬኑ አዲስ የፍሬን ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት ብቻ ፈለገ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይደክማል፤ በረጅም ቁልቁለት ሲሞቅም ይፈላና እጀታው ባዶ ይሆናል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ይህን ቸል ሊል አይገባውም። የእጅ መከላከያ፣ የሞተሩን ሆድ የሚሸፍን ብረት፣ ለራዲያተሩ ከለላ፣ ሁለት ትርፍ እጀታ ተገዙ። ባለ 13 ጥርሱም ገባ። ልጁ አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ ያለ ጭንቀት እንደሚወጣው ጽፎልናል።

ሲሊንደሩ አልተረሳም። ሞተሩ በእርጅና ምክንያት መከፈቱ የማይቀር በሆነ ጊዜ፣ ያን ጊዜ በሰፊው ቢተካ አንቃወምም፤ የሚፈታበት ድካም አንድ ነውና። ለዚህም የተረፈው ገንዘብ በእናቱ ሣጥን ተቀምጧል። ልጁ በመጣ ቁጥር ስለ እርሱ ይጠይቃል፤ እናቱም አስቀድመው የፊት ጎማውን ጥርስ በጣታቸው ይለካሉ።