ጋቢና ሱፍ፦ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለዩበት በር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ያለ የአንድ ባንክ በር። ጋቢ የደረቡና የጎማ ጫማ ያደረጉ አንድ አዛውንት በሩ ጋ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋቢያቸውንም ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ሰበሰቡት። ጥበቃው ገና ሲያያቸው «አንተ ሽማግሌ፣ ወደዚያ ጠጋ በል!» አላቸው። ወዲያው ሱፍ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ ወጣት ከኋላቸው መጣ። ጥበቃው በሩን ከፈተለትና «ጌታዬ፣ ይግቡ» አለው።

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ መጨረሻው የታወቀ ነው። ሽማግሌው ባለ ብዙ ሚሊዮን ነጋዴ ሆነው ይገኛሉ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ሮጦ ይወጣል፣ ጥበቃው ያፍራል፣ ሰሚው ይስቃል።

እኚህ አዛውንት ግን ሀብታም አልነበሩም። የመጡት የወር ጡረታቸውን ሊወስዱ ነው። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ወሬ ጥበቃውን የሚወቅሰው ሰው ስላዋረደ ሳይሆን ሀብታሙን መለየት ስላቃተው ነው። ሽማግሌው በእርግጥ ድሃ ቢሆኑ ኖሮ «አንተ» መባላቸው አግባብ ነበር እንደ ማለት ነው። ሰሚውም ሳያስበው በዚህ ይስማማል።

ጥበቃው ያላስተዋለው ሌላም ነገር አለ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ዝቅ ያደረጉት ሙቀት አስቸግሯቸው አይደለም። በድሮው ሥርዓት ሰው ከሚያከብረው ሰው ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። እሳቸውም እንደ ለመዱት አደገደጉ፤ ያውም የልጅ ልጃቸው ለምትሆን ገንዘብ ከፋይ። በሩ ላይ ከነበሩት ሁሉ የጨዋ ሥርዓት የፈጸሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የተመናጨቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

የሀገር ልብስ በዚህ በኩል እንደ ቋንቋ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘን የደረሰበት ዘቅዝቆ ይለብሰዋል። ድግስ ላይ ጉድ ጉድ የምትል ሴት ወገቧ ላይ ትታጠቀዋለች። ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ነው፤ የሚለዋወጠው አለባበሱ ነው። አለባበሱ የሚናገረውም ስለ ለባሹ ኪስ ሳይሆን ለባሹ ለሌላው ስላለው ስሜት ነው። «ሐዘንህ ሐዘኔ ነው» ይላል፣ «ላገለግልህ ተዘጋጅቻለሁ» ይላል፣ «አከብርሃለሁ» ይላል።

ይህ ቋንቋ ጨርሶ አልሞተም። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያዋ ውስጥ አንድ ነጠላ አጣጥፋ የምታስቀምጥ ሠራተኛ አትጠፋም። ድንገት የባልደረባ መርዶ ቢመጣ ከጂንስ ሱሪዋ በላይ ጣል አድርጋው ለቅሶ ትደርሳለች። እዚያ ቤት ነጠላው ስንት ብር እንደ ወጣበት የሚጠይቅ የለም። ባትለብሰው ግን ይታወቃል።

ሱፉ የሚናገረው ሌላ ነው። «እዩኝ፣ አስገቡኝ፣ ቁም ነገር ያለኝ ሰው ነኝ» ይላል። ወጣቱ በዚህ አይወቀስም። ሱፉ ከመርካቶ የሳልባጅ ክምር ተመርጦ የተገዛ ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከጓደኛ የተዋሰው ሊሆን ይችላል። በሩ ያለ ሱፍ በቀላሉ እንደማይከፈት ያውቃል፤ ያንን ያስተማረችው ከተማዋ ናት። ንጹሕ ለብሶ ሰው ፊት መቅረብም ራሱን የቻለ ጨዋነት ነው። ችግሩ ሱፉ መከበሩ ሳይሆን ጋቢው መናቁ ነው።

ጥበቃውስ? እሱም የልብስ ጉዳተኛ ነው። የደንብ ልብሱን በለበሰባቸው ሰዓታት ሁሉ ስም የለውም። ባለ ሱፎቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ሰላም አይሉትም፤ ሲፈልጉት «አንተ ዘበኛ!» ይሉታል። ማታ የራሱን ጃኬት ለብሶ ሰፈሩ ሲገባ ግን የጎረቤት ልጆች «ጋሼ» እያሉ ይሮጡለታል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ልብሱ ነው። ቀኑን ሙሉ የተሰጠውን «አንተ» ለማን ያስተላልፈው? ከእሱ ያነሰ ልብስ ለለበሰ ሰው አስተላለፈው።

አማርኛ በዚህ ረገድ መደበቂያ አይሰጥም። በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ሰው ንቀቱን በአንድ ተውላጠ ስም ሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። በአማርኛ ግን አፍ ሲከፈት መምረጥ ግድ ነው፤ ወይ «አንተ»፣ ወይ «እርስዎ»። ምርጫው በዕድሜና በአክብሮት መሆኑ ቀርቶ በኮትና በጫማ ከሆነ ጨዋነቱ የሰው ሳይሆን የጨርቅ ሆኗል ማለት ነው።

አዛውንቱ ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ ልጅቷ ቀና ብላ «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ይቀመጡ» አለቻቸው። ስለ ጋቢው የምታውቀው ነገር ይኑር አይኑር አይታወቅም። ያየችው ሽበታቸውን ነው፤ ያም በቂ ነበር። ገንዘባቸውን ቆጥረው ተቀበሉ፣ መረቋት፣ ጋቢያቸውን መልሰው ደረቡና ወጡ። በሩ ላይ ለጥበቃውም «ደህና ይዋሉ» አሉት፤ በአንቱታ።

ዛሬ በገባችሁበት በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ምን ብላችሁ ጠራችሁት?