ማስመስከሪያው አይነካ

በቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዓት ድጓ የተማረ ሁሉ የድጓ መምህር አይባልም። ለዓመታት አጥንቶ ሲያበቃ ጋይንት ውስጥ ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት ማስመስከር ይጠበቅበታል። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ደግሞ የሚያስመሰክረው ዙር አምባ ነው። የሚመዝኑት ሹማምንት ሳይሆኑ ዕድሜያቸውን በማስተማሪያ ወንበር ላይ ያሳለፉ መምህራን ናቸው። አስመስክሮ የተመለሰ ሰው ወንበር ተክሎ ያስተምራል፤ ስሙን የሰማ ተማሪም አኮፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ይመጣል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥንታዊ ሥርዓት ያስታወሰኝ የምኖርባት የሜሪላንድ ግዛት ለትምህርት ቤት መምህራን የዘረጋችው ፕሮግራም ነው። አሜሪካኖቹ «ናሽናል ቦርድ ሰርቲፊኬሽን» ይሉታል። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ማንኛውም መምህር ሥራ ለመጀመር ከግዛቱ ፈቃድ ያወጣል። ይኸኛው ግን ከፈቃድ በላይ ነው። ቢያንስ 3 ዓመት ያስተማረ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚገባበት ፈተና ሲሆን አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የትምህርቱን ዕውቀት የሚመዝን የኮምፒዩተር ፈተና ነው። በቀሩት ሦስቱ መምህሩ የተማሪዎቹን የሥራ ናሙና፣ ሲያስተምር የተቀረጸ ቪዲዮና ስለ ሥራው የጻፈውን ሐተታ ያቀርባል። ክፍያው ለእያንዳንዱ 475፣ በድምሩ 1,900 ዶላር ነው። ሥራውን መርምረው ነጥብ የሚሰጡትም ያንኑ ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። ያለፈም ቢሆን በየአምስት ዓመቱ ብቃቱን ማሳደስ አለበት።

የባለቤቴ ጓደኛ የሆነች አንዲት የአገራችን ልጅ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ይህን ፈተና ስትወስድ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀባት። ልጆቿን አስተኝታ፣ ማታ ማታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ ትጽፍ ነበር። ምን አስተማርሽ? ለምን እንዲህ አደረግሽ? ያልገባው ተማሪ የትኛው ነው? እንዳልገባውስ በምን አወቅሽ? በማግስቱ ምን ለወጥሽ? እነዚህን ሁሉ በማስረጃ መመለስ ነበረባት። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ የተናገረችውን አልረሳውም። «ስንት ዓመት ሳስተምር ሰዓት አክብረሽ ገብተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ እንጂ ለምን እንዲህ አድርገሽ አስተማርሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለች።

እኔ በዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከፊቴ የሚቀመጡት አዳዲስ ተማሪዎች ሒሳብን ማን እንዳስተማራቸው ለመገመት ሁለት ሳምንት ይበቃኛል። ቀመሩን የሸመደዱ አሉ። ቀመሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቁም አሉ። ልዩነቱ የጭንቅላት አይደለም። ከብዙዎቹ ጠያቂዎች ጀርባ አንድ የሰባተኛ ወይም የዘጠነኛ ክፍል መምህር አለ። ስሙን ጠይቁ፤ ወዲያው ይነግሯችኋል።

ችግሩ እንዲህ ያለው መምህር በክፍል ውስጥ አለመቆየቱ ነው። በአብዛኛው ትምህርት ቤት የእድገት መሰላሉ የተሠራው ወደ ውጭ ነው። ደመወዙ እንዲያድግለት የፈለገ ጎበዝ መምህር ምክትል ርእሰ መምህር ይሆናል፣ ከዚያ ርእሰ መምህር፣ ከዚያም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይገባል። ይህም ክቡር ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ሙያውን ጠንቅቆ ያወቀን ሰው ለመሸለም ከሙያው የሚያወጣ ሥርዓት ምን ዓይነት ሥርዓት ነው? ጥሩ ቀዶ ሐኪምን «ጎበዝ ነህና ከእንግዲህ ቢላዋ አትያዝ» እንደማለት አይደለምን?

ሜሪላንድ ይህን ለማቃናት ሞክራለች። በ2016 የተቋቋመውና በቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ በዊልያም ከርዋን የተመራው ኮሚሽን ለዓመታት አጥንቶ ያቀረበው ምክር «ብሉፕሪንት» ለተባለው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ መሠረት ሆነ። ምክር ቤቱ በ2020 ሕጉን ሲያጸድቅ በወቅቱ የነበሩት ገዢ ላሪ ሆገን በቬቶ ውድቅ አደረጉት። ምክር ቤቱም በ2021 ቬቶውን ሽሮ አጸናው። ሕጉ የናሽናል ቦርድ ማስመስከሪያን ላገኘ መምህር በዓመት 10,000 ዶላር የደመወዝ ጭማሪ ደነገገ። ይኸው መምህር ውጤታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚያስተምር ከሆነ 7,000 ዶላር ይታከልለታል። ጭማሪው ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ከሁሉ በላይ መሰላሉ ወደ ክፍል ውስጥ ዞረ፤ መምህሩ ማስተማሩን ሳይተው መሪ መምህር ሊሆን የሚችልበት መንገድ ተከፈተ።

እንግዲህ ስጋቴ እዚህ ላይ ነው። ብሉፕሪንት ሙሉ በሙሉ ሲተገበር በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ተጨማሪ ዶላር ይጠይቃል። በ2025 ደግሞ ግዛቲቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የበጀት ጉድለት ገጠማት። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ፣ መምህራን ከክፍል ወጥተው በጋራ እንዲዘጋጁ የታሰበላቸውን ተጨማሪ ጊዜ ለዓመታት አዘገየው። የተዘጋ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ብዙ ጩኸት አልተሰማም። እንደኔ አስተያየት የዚህ ዓይነቱ ቅነሳ አደጋው ዝምታው ነው። የአውቶቡስ መስመር ሲታጠፍ በማግስቱ ፌርማታው ላይ ሰው ይሰበሰባል። የመምህራን ማስመስከሪያ ሲታጠፍ ግን በማግስቱ የሚጎድል ነገር አይታይም። የሚጎድለው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማን እንዳጎደለው የሚያስታውስ አይኖርም።

የሳውዝ ካሮላይናን ታሪክ ልብ እንበል። ያ ግዛት ማስመስከሪያውን ላገኙ መምህራን በዓመት 7,500 ዶላር ይከፍል ነበር። ከሐምሌ 2010 ወዲህ ላመለከቱት ክፍያው ወደ 5,000 ወረደ። ከሐምሌ 2018 ወዲህ የሚያመለክቱት ደግሞ ከግዛቲቱ ምንም እንዳያገኙ ተደረገ። ዘዴውን አስተውሉ። የነበራቸው አልተነጠቁም፤ ስለዚህም አልጮኹም። የተዘጋው በር ገና ላልደረሱት ነው፤ ያልደረሰ ሰው ደግሞ ሰልፍ አይወጣም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ለልማት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ጥፋትም በእግሩ ይሄዳል።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትን መስማት ተገቢ ነው፤ ባዶ ክርክር አይደለምና። አንደኛው «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለተማሪው ምን ጠቀመው?» የሚል ነው። ጄምስ ካውንና ዳን ጎልድሃበር የተባሉ ተመራማሪዎች በዋሽንግተን ግዛት ባደረጉትና በ2016 በታተመ ጥናት፣ ያስመሰከሩ መምህራን ተመሳሳይ ልምድ ካላቸው ባልደረቦቻቸው ይበልጥ ውጤታማ መሆናቸውን አሳይተዋል። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ቋንቋ ከ0.01 እስከ 0.05 ስታንዳርድ ዴቪየሽን ነው። ትንሽ ነው፤ አጋንኜ አልናገርም። ነገር ግን ይህ የአንድ መምህር፣ የአንድ ዓመት ልዩነት ነው። አንድ መምህር ደግሞ በሥራ ዘመኑ ሺህ ተማሪ ያስተምራል።

ሁለተኛው ክርክር «ያስመሰከሩት መምህራን በሀብታሞቹ ሰፈሮች ይከማቻሉ» የሚል ነው። ለዚህም መልሱ ከዚያው ከዋሽንግተን ይገኛል። ግዛቱ ከ2007 ጀምሮ ድሆች ተማሪዎች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩት ተጨማሪ ጉርሻ መድቦ ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ጉርሻው በነዚያ ትምህርት ቤቶች ያስመሰከሩ መምህራንን ድርሻ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ4 እስከ 8 በመቶ ነጥብ እንዳሳደገው አረጋግጠዋል። የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ላይ ግን የሚታይ ለውጥ አላገኙም። ይህን የማልሸሽገው አንባቢዬን ስለማከብር ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ገንዘቡ መምህሩን ወደ ድሃው ትምህርት ቤት ሊያመጣው፣ እዚያም ሊያቆየው እንደሚችል ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የመዘጋጃ ጊዜ፣ የክፍሉ ተማሪ ቁጥርና የርእሰ መምህሩ ድጋፍ ነው። አንዱ ምሰሶ ብቻውን ጣሪያውን አልተሸከመም ተብሎ ምሰሶው አይነቀልም፤ ሌሎቹ ይተከላሉ እንጂ።

ሦስተኛው ክርክር የመምህር እጥረት ባለበት ጊዜ የላቁትን መሸለም ቅንጦት ነው የሚል ነው። በበኩሌ ተቃራኒው ይታየኛል። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ወደ ሙያው ሲገባ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ በአርባ ዓመቱ ምን እንደሚሆንም ያሰላል። ማስመስከሪያው የሚያቀርብለት ተስፋ ይህ ነው። በየበጀት ዓመቱ «ይቀጥል ይሆን?» የሚባልበት ተስፋ ደግሞ ተስፋ አይደለም። ዛሬ ፈተናውን የጀመረች መምህርት ለመጨረስ ሦስት ዓመት ሊወስድባት ይችላል። መንግሥት ቃሉን ለሦስት ዓመት መጠበቅ ካልቻለ ማን ይጀምራል?

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ እኛን ምን አገባን? በጣም ያገባናል። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ የሆነው ልጆቻችን በብዛት በክፍሎቹ ውስጥ ስላሉ ነው። ከመካከላቸው ቋንቋውን ገና እየለመደ ያለ ልጅ አለ፤ ዝም ሲል ያልገባው ይሁን ያፈረ፣ ወይም «ታላቅ ሲናገር አትናገር» ተብሎ ያደገ ይሁን ለይቶ የሚያውቅለት መምህር ያስፈልገዋል። ይህን መለየት ከዚያ የማስመስከሪያ ሐተታ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ያልገባው ማን ነው? እንዴትስ አወቅሽ? ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ አስጠኚ ይቀጥራል። ሌሊት ታክሲ የሚነዳና ቀን በነርሲንግ ሆም የሚሠራ ወላጅ ግን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤቱ መምህር ብቻ ነው።

እኛ አበሾች ስለ አገራችን ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር እናድራለን፤ ግብር የምንከፍልበት ግዛት ምክር ቤት ግን የት እንደሆነ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። አናፖሊስ ከሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጥር ወር ተከፍቶ 90 ቀን ይቀመጣል። በየረቂቅ ሕጉ ላይ ሕዝቡ በቃልም በጽሑፍም አስተያየቱን እንዲሰጥ ይፈቀድለታል። ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። የወረዳችሁን ተወካይ ስም ዕወቁ። በጀቱ ሲቀርብ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የማስመስከሪያው ጭማሪ እንዳይቀነስ፣ የጀመሩት መምህራን በጀመሩበት ውል እንዲጨርሱና ዝቅተኛ ውጤት ላላቸው ትምህርት ቤቶች የሚታከለው ገንዘብ ከሁሉ በፊት እንዲጠበቅ። ልጃችሁን ያስተማረች አንዲት ጎበዝ መምህርት ካለች ስለ እሷ ጻፉ። ከእኔ ቁጥሮች ይልቅ የእናንተ አንድ ገጽ ሊያሳምን ይችላል።

የበጀት ጉድለት ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይሞላል። ከክፍል የወጣ መምህር ግን በቀላሉ አይመለስም።

ቸር ያሰማን።