ልጆችዎን አያወዳድሩ

አንዱን ልጅ ከሌላው ጋር አወዳድረው ያውቃሉ? እኔ አወዳድሬያለሁ፤ ዋጋም አስከፍሎኛል።

የምንኖረው ጉደር ነው። ትልቁ ልጄ ጥቅስ አንዴ ሰምቶ ይደግማል። ታናሽ እህቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ አጥንታ፣ ሰው ፊት ስትቆም ይጠፋባታል። አንድ እሁድ ጓደኞቿ እየሰሙ «ወንድምሽን አታዪውም?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ «የእኔ ጭንቅላት አይዝም» እያለች ማጥናቱን ተወችው። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ምሩቅ ነኝ፤ የገዛ ልጄን ግን አላወቅኋትም ነበር።

ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። በአንጎላችን ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት ረጃጅም ክሮች ብዙዎቹ ቅባትነት ባለው ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው፤ ሽፋኑም መልእክቱን ያፈጥነዋል። አዲስ ነገር እንድንይዝ ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል በእነዚህ ክሮች ከሌሎቹ ጋር መገናኘት አለበት። ዛሬ በኤምአርአይ መሣሪያ የክሮቹን አቅጣጫ መከታተል ይቻላል። አሠራራቸው ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልዩነቱም ከማስታወስ ችሎታ ጋር በመጠኑ ይዛመዳል። «በመጠኑ» ማለቴን ልብ ይበሉ፤ ምስሉን አይቶ «ይህች ልጅ አትችልም» ሊል የሚችል ሐኪም የለም።

ደግሞም አንጎል በልምምድ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት የለንደን ታክሲ ሾፌርነት ሠልጣኞችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። የከተማዋን መንገዶች አጥንተው ፈተናውን ያለፉት ሰዎች የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል አድጎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተራ ሰዎች ለስድስት ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት ተለማመዱ። ልምምዱ ቃላትን በሚያውቁት መንገድ ላይ በሐሳብ ማስቀመጥ ነበር። በፊት ከ72 ቃላት 26 ያህል ያስታውሱ የነበሩት ወደ 62 ደረሱ።

እኛም ሞከርነው። መጀመሪያ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ከቤታችን እስከ ወንዙ ድልድይ አብረን እየሄድን የመጀመሪያውን ቃል በራችን ላይ፣ ቀጣዩን ባሕር ዛፉ ሥር፣ የመጨረሻውን ድልድዩ ላይ «አስቀመጥን»።

ዛሬም ከወንድሟ ትዘገያለች። ግን ባለፈው ወር ጉባኤው ፊት ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መንገዱን በሐሳቧ እየሄደች ድልድዩ ላይ ደረሰች። አንድ ቃል አልጎደለባትም።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ የልጅዎ መንገድ ከሌላው ልጅ መንገድ ሊረዝም ይችላል። አብረዋት ይሂዱ እንጂ ከፊቷ ቆመው አይቆጧት።