እንጦጦ ላይ አምባዛ!

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ ዳገቱን ስትያያዙት ትንፋሽ ያጥራል። የባሕር ዛፍ ሽታ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ጀሪካን ይዞ የሚወጣ ሕዝብ… እዚህ ጅብ እንጂ ዓሣ ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል?

ይህ ጸሐፊ ግን አይቷል። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ግቢ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን የመስታወት ገንዳ አለ። ገንዳው ውስጥ ያለው አምባዛ ነው፤ ያ ጺማሙ፣ ቅርፊት አልባው! አባወራው (ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም) ከዝዋይ ሲያመጡት ጣት ያህል ነበር። አሁን ክንድ አክሏል። አብረውት የነበሩትን ስድስት ወርቃማ ዓሦች በሦስት ሌሊት ጨርሷቸዋል። «ቀን ቀን እንደ ድንጋይ ነው፤ ጉዱ ማታ ነው» ይላሉ።

መቼም አትፍረዱበት። አምባዛ የሌሊት አዳኝ ነው፤ በጺሙ እየዳሰሰ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል። «ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው» ያላቸው ሰው ነበር። ውሸት! ይኼ ከአንድ ሜትር በላይ የሚደርስ ፍጥረት ነው። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ውሃው ቢቆሽሽም ቶሎ አይሞትም። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ አልሞተም ማለት ተመችቶታል ማለት አይደለም። የሚስማማው 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ነው። የእንጦጦን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይቆማል፣ ዓሣውም ምግብ ይተዋል።

ባለቤታቸው መረዋል። «ወይ እሱ ወይ እኔ!» እንዳይበላ ደግሞ «ቅርፊት የሌለው ድስቴ ውስጥ አይገባም» ብለዋል። ስለዚህ አባወራው ቀበና ወንዝ ሊለቁት አሰቡ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን አታድርጉ! ቀበና ከእንጦጦ ተነስቶ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው። የገንዳ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊወርድ ይችላል፤ የጅረቱን እንቁራሪቶችም አይምርም። ማቆየት ካልቻላችሁ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል አማክሩ። የምታቆዩት ከሆነ ሰፊ ገንዳ ስጡት፣ ብቻውን አኑሩት፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የምድር ትልና የዓሣ ቁራጭ ይበቃዋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ይደር። ክዳኑ ላይ ክብደት ይደረግበት፤ ወጥቶ መሬት ለመሬት ይሳባል።

ስንሰናበት ትንሹ ልጃቸው ትል ጣለለት። አምባዛው ከድንጋዩ ሥር ብቅ አለ፤ ልጁ በደስታ ጮኸ። እናትየው ከጓዳ በር ላይ ቆመው አዩትና «ክዳኑን መልስ!» አሉት።